«ዛሬ ስንት ሰው አያችሁ?»፦ የሐኪምን የአእምሮ ጫና ስለ መለካት

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተሰናዳ)

 

በየጤና ጣቢያው የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ ስንት ሰው አያችሁ?» ይባላል። መልሱ ቁጥር ነው፤ ሠላሳ፣ አርባ፣ አንዳንዴም ስልሳ። ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ከወረዳ ወደ ዞን እያለ ይቀጥላል። በጥያቄው ላይ ጠብ የለኝም። ስንት ሰው እንደታከመ ሳይታወቅ መድኃኒት መመደብም ሆነ ባለሙያ መቅጠር አይቻልም። ጠቤ ይህንኑ ቁጥር የሐኪሙ ድካም መለኪያ አድርገን ከመያዛችን ጋር ነው። ዛሬ ማታ ላስረዳ የተነሣሁት የሐኪም ዋናው ሸክም በጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ፣ ያም ሸክም ሊለካ እንደሚችል፣ ልኬቱ በማን እጅ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል ካልተጠነቀቅን ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊብስ እንደሚችል ነው። መጀመሪያ ሸክሙ ምን እንደሚመስል አንድ ክፍል ውስጥ ገብተን እናያለን፤ ከዚያ መለኪያው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ እናገራለሁ፤ ቀጥሎ በሌላው ዓለም ተለክቶ ምን እንደተገኘ፤ በመጨረሻም እኛ ምን ብናደርግ ይበጃል የሚለውን የራሴን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ ማን እንደማወራ ልንገራችሁ። በትልቅ ሆስፒታል ስላለው ስፔሻሊስት አይደለም። ሰው ሲያመው መጀመሪያ ስለሚሄድበት፣ ሠፈር ውስጥ ስላለው ሐኪም ነው። በእንግሊዝ አገር ይህ ሰው ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ በአሜሪካ በአብዛኛው የቤተሰብ ሐኪም ይሉታል። በአገራችን ሥራውን ተሸክመው የሚገኙት በጤና ጣቢያ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው። የቤተሰብ ሕክምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ የቤተሰብ ሐኪሞቻችን ገና ጥቂት ናቸው። ሕመምተኛው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው፤ ለዛሬ እኔም የሕመምተኛውን ልማድ እከተላለሁ።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ እንግባ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የምርመራ አልጋና የግፊት መለኪያ አለ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ተኩል ነው እንበል። ስድሳን ያለፉ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ገብተዋል። ካርዳቸው ላይ ግፊትም ስኳርም እንዳለባቸው ተጽፏል። «ራሴን ያዞረኛል» ይላሉ። ልጃቸው ቀበል አድርጋ «መብላት ትታለች፣ ሌሊትም አትተኛም» ትላለች። ጤና መኮንኗ ግፊታቸውን ትለካለች፤ ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ አልሠራም ወይስ አልተወሰደም? «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብትላቸው «አዎ» እንደሚሉ ታውቃለች፤ ሐኪም እንዳይቆጣ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። ስለዚህ ጥያቄውን ታዞረዋለች፤ «እማማ፣ ስንት ፍሬ ቀረዎት?» ቀስ እያለ ነገሩ ይወጣል። ጠበል ሲገቡ አቁመውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቶሎ እንዳያልቅባቸው አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። ፊቷ ላይ ቅሬታ ሳይነበብ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲያስኬዱ ማግባባት አለባት። እያግባባች ሌላው ሐሳብ አይቆምም፤ ማዞሩ ከግፊቱ ነው፣ ከስኳር መውረድ ነው ወይስ ካለመብላት? የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ትናንት አልቆ ነበር፤ ዛሬ መጥቶ ይሆን? ይወስዱት የነበረው ኪኒን ፋርማሲው ውስጥ አለ? ከሌለ ከውጭ መግዛት ሊኖርባቸው ነው፤ የጤና መድን ካርድ ይዘው ለመጡ ሰው ከኪስዎ ይግዙ ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

በሩ ይከፈታል። «ዶክተር፣ ውጤት ነው» ብሎ አንድ ወጣት ወረቀት ይዘረጋል። «ውጭ ጠብቀኝ» ትለዋለች፤ ዓይኗ ግን ወረቀቱን አይቶታል፣ ሂሞግሎቢኑ ዝቅ ያለ ነው፣ ይኸም እዚያው ጭንቅላቷ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ስልኳ ይጠራል፤ የሳምንቱ ሪፖርት ከምሳ በፊት ይፈለጋል። ከኮሪደሩ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ለቅሶው ሲቆራረጥ ጆሮዋ ይነቃል፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን እንደዚያ ሊያለቅስ ይችላልና። እማማ አሁንም እያወሩ ነው፤ ስለ እግራቸው መደንዘዝ አንድ ነገር ጣል አድርገዋል። ስኳር ያለበት ሰው እግር ሳይታይ አይለቀቅም፤ ጫማና ካልሲ እስኪወልቅ ደቂቃው ይነጉዳል። ከዚያ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ማዘዣ መጻፍ፣ መዝገብ መሙላት፣ ታሊው ላይ ማስመር አለ።

በማታው ቁጥር ውስጥ እኚህ እናት አንድ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ ለሥራ የሚሆን የጤና ማረጋገጫ ሊያጽፍ የገባው ጎረምሳም አንድ ነው። የጫኝና አውራጅ ሠራተኛ ስንት ኩንታል እንዳወረደ ከታወቀ ድካሙን መገመት አያዳግትም፤ የሐኪሙን ሥራ በሰው ቁጥር ስንመዝን ግን የምንቆጥረው ጆንያ ብቻ ነው፣ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገለባ አናውቅም።

አሁን ወደ መለኪያው ልለፍ። መንገዱን የጠረጉት አውሮፕላን አብራሪዎችን ያጠኑ ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ የሚያበሩ ሰዎች በሰላም ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ እንመልሳለን ብለው ጎማውን ያጥፉ ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይቀመጥ ነበር። ምክንያቱ «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ኮክፒቱን ቢመለከት ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ የጎማው መቆጣጠሪያ የጎማ ቅርጽ፣ የፍላፑ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ እንዲኖራቸው፣ በእጅ ዳበሳ ብቻ እንዲለዩ አደረገ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ቀስ በቀስ ተለወጠ። «የትኛው አብራሪ ነው ዝርክርክ?» መባሉ ቀርቶ «በዚያች ደቂቃ ከአብራሪው ምን ያህል ነገር ነው የጠየቅነው?» ይባል ጀመር። የአእምሮ ጫና ጥናት የቆመው በዚህች ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ነው። በሕክምና ቤቶቻችን ግን፣ ሐቁን እንናገር ካልን፣ ብዙ ጊዜ ገና የመጀመሪያዋን ነው የምንጠይቀው።

አብራሪዎቹን ያጠኑ ሰዎች አንድ የሚያሳስብ ነገር አስተዋሉ። ጎበዝ ባለሙያ ጫናው ሲጨምርበት ሥራው ወዲያው አይበላሽም። የበለጠ ይጥራል፣ ጥርሱን ነክሶ ውጤቱን እንደነበረ ያቆየዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይበርራል። ውስጥ ያለው ጉልበት ግን እየተሟጠጠ ነው፤ ሲያልቅም ያለማስጠንቀቂያ ያልቃል። ይህንን ነጥብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ የንግግሬ ሁሉ ማሰሪያ እሱ ነው። ውጤትን ብቻ የሚያይ አስተዳዳሪ ጫናን የሚያውቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ሪፖርቱን በጊዜው ከላከ፣ ወረፋው ማታ ላይ ካለቀ፣ አቤቱታ ካልመጣ ሁሉም ደህና ይመስለዋል። ደህና ያስመሰለው ግን የባለሙያዎቹ ተጨማሪ ጥረት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከመሰበሩ በፊት ጫናውን በምን እንየው? ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው አካልን መለካት ነው፤ የልብ ምትን መለዋወጥ፣ የዓይን ብሌንን መስፋት። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ ሰዎችን ቁጥሮች በቃል እንዲይዙ ሲያደርጉ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር ብሌናቸው እየሰፋ፣ ቁጥሮቹን መልሰው ሲናገሩ ደግሞ እየጠበበ ሲሄድ አይተዋል። ድንቅ ነገር ነው፤ ለጤና ጣቢያ ግን አይሆንም፤ የክፍሉ ብርሃን ሲለወጥም ብሌን ይሰፋል፣ ይጠባል። ሁለተኛው መንገድ ሰውየው ዋና ሥራውን እየሠራ ሌላ ቀላል ሥራ ደርቦ መስጠትና በዚያኛው ላይ ምን ያህል እንደዘገየ ማየት ነው። ሕመምተኛ ፊት ይህንን ማድረግ ነውር ይመስለኛል። ሦስተኛው መንገድ ሠራተኛውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ አብልጦ የቆየው ግን እሱ ነው።

የመጠየቂያው ቅጽ በጣም የታወቀው ናሳ ቲ.ኤል.ኤክስ. ይባላል። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ሳንድራ ሃርትና ሎዌል ስታቭላንድ ለዓመታት ሠርተውበት እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተሙት። ለአብራሪዎች ተብሎ ተሠርቶ ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የቤተሰብ ሐኪሞችም ይሞሉታል። አንድ ገጽ ነው። ስድስት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር በ20 እኩል ክፍል ተከፍሏል። ሥራህ ምን ያህል ማሰብ፣ ማስታወስ፣ መወሰን ጠየቀህ? ምን ያህል አካላዊ ጉልበት ጠየቀህ? ምን ያህል አጣደፈህ? የፈለግኸውን ያህል ተሳክቶልሃል? እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጣርህ? ምን ያህል ተበሳጨህ፣ ተጨነቅህ፣ ተስፋ ቆረጥህ? ሠራተኛው በየመስመሩ ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ ከ0 እስከ 100 ባለው ነጥብ ይነበባል። ሙሉውን አሠራር የሚከተሉ ደግሞ ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርገው በ15 ጥንድ ያነጻጽሯቸዋል፣ «ከእነዚህ ከሁለቱ ዛሬ ይበልጥ የከበደህ የትኛው ነው?» እያሉ፤ መልሱ ለየመስመሩ ክብደት ይሰጣል። ብዙዎች ይህንን ትተው የስድስቱን አማካይ ብቻ ይወስዳሉ፤ ሥራ በሚበዛበት ቦታ እኔም ይኸኛውን እመርጣለሁ።

ቅጹን ለመሞከር ለምታስቡ አንድ ወጥመድ ልጠቁማችሁ። አምስቱ መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ «ዝቅተኛ» ብለው «ከፍተኛ» ይላሉ። የስኬቱ መስመር ግን በግራ «ፍጹም ተሳክቷል»፣ በቀኝ «አልተሳካም» የሚል ነው። ቸኩሎ የሚሞላ ሰው ቀኝ ማለት ብዙ ማለት ነው ብሎ በጣም የተሳካለትን ቀን ቀኝ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጫናውም ያለ አግባብ ያብጣል። ከመሙላት በፊት አንድ ደቂቃ ቆሞ ይህንን ማስረዳት ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሁለተኛም፣ «ከዚህ በላይ አደገኛ ነው» የሚል ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። 55 ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ለብቻው ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው ያንኑ ክፍል ከራሱ ጋር ስታነጻጽሩት ነው፤ የገበያ ቀንን ከሌላ ቀን፣ ጠዋትን ከከሰዓት፣ አሠራሩ ሳይለወጥ ያለውን ከተለወጠ በኋላ ካለው።

የዚህ ቅጽ ትልቁ ጸጋ ስድስቱ መስመሮች ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። ሁለት የተመላላሽ ክፍሎች አሉ እንበል፤ የሁለቱም አማካይ 65 ነው። በአንደኛው የናረው የጥድፊያው መስመር ነው፤ ሕመምተኛው ብዙ፣ ሐኪሙ አንድ። በሁለተኛው ጥድፊያው መጠነኛ ሆኖ ጣሪያ የነካው ብስጭቱ ነው፤ ምን ማዘዝ እንዳለበት ያውቃል፣ ያዘዘው ግን ፋርማሲው ውስጥ የለም፤ ሪፈር ይላል፣ የላከው ሰው ሳይታይ ይመለሳል። ለመጀመሪያው ክፍል ሰው መጨመር ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ሁለት ሐኪም ብትጨምሩለት ሁለት የተበሳጩ ሐኪሞች ታገኛላችሁ። የሰው ቁጥር ይህንን ልዩነት ፈጽሞ አያሳይም፤ እንዲያውም ሁለተኛው ክፍል ጥቂት ሰው ስለሚያይ ሰነፍ ሊባል ይችላል።

ከመለኪያው ወደ ተገኘው ነገር ልሻገር። በ67 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ከአንድ ሕመምተኛ ጋር የሚያሳልፈው አማካይ ጊዜ በባንግላዴሽ 48 ሴኮንድ፣ በስዊድን 22 ደቂቃ ተኩል ሆኖ ተገኘ። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚኖርባቸው 18 አገሮች አማካያቸው 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ነው። 48 ሴኮንድ ውስጥ የእኛ እማማ ካልሲያቸውንም አያወልቁም። ሆኖም ጊዜ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችን በአካል እየተከታተሉ ሰዓታቸውን የመዘገቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ሐኪሙ ከሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒውተር መዝገብና በጠረጴዛ ሥራ ላይ ያጠፋል። ማታ ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ተጨማሪ ነው። ቴክኖሎጂው የመጣው ሥራ ሊያቃልል ነበር። እኛም አሁን ወረቀቱን በታብሌት ልንተካ በምንደክምበት ጊዜ፣ በሽግግሩ ወቅት በሁለቱም መመዝገብ የሚገደደውን ባለሙያ አስቡት።

ድካሙ በሕመምተኛው ላይ ምን ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለጉንፋን መሰል የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚታዘዘውን አንቲባዮቲክ በፈረቃው ሰዓት ለየ። ፈረቃው እየገፋ በሄደ ቁጥር ትእዛዙ እየጨመረ ሄደ። ሐኪሙ ያው ነው፣ እውቀቱም ያው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ይህ በቫይረስ የመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይጠቅምዎትም» ብሎ አስረድቶ፣ ቅሬታን ችሎ መሸኘት ጉልበት ይጠይቃል፤ ማዘዣ መጻፍ ግን አይጠይቅም። የደከመ አእምሮ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። እኛ አገር መድኃኒት የተላመደ ጀርም አስፈሪ እየሆነ ሲሄድ ስልጠና እንሰጣለን፣ ፖስተር እንለጥፋለን፤ የሐኪሙን ከሰዓት በኋላ ግን የተመለከተው የለም።

በሩን እየከፈቱ «ዶክተር፣ አንዴ» ስለሚሉትም የተለካ ነገር አለ። በሲድኒ ሁለት ሆስፒታሎች ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ የታዘቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳወቁት አንድ መቋረጥ በተጨመረ ቁጥር የአሠራር ጉድለት በ12.1 በመቶ፣ ክሊኒካዊ ስህተት በ12.7 በመቶ ከፍ ይላል። ጥናቱ በሆስፒታል ነርሶች ላይ ስለሆነ በቀጥታ ለጤና ጣቢያ ማዋል አይገባም፤ አእምሮ ግን አእምሮ ነው፣ የተቋረጠ ሐሳብ ሲመለስ ሁሉንም ይዞ አይመለስም። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ አንድ ጠቅላላ ሐኪም በቀን ከ25 በላይ ሕመምተኛ ባያይ ይመከራል ብሏል። ለሐኪሞቹ ጋሻ ስለሆናቸው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ይኸም ዞሮ ዞሮ ያው የሰው ቆጠራ ነው። (ይህንን ስል «እኛም 25ቱን አግኝተን በቆጠርን» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ አዳራሹ ሳቀ። ትክክል ነው።)

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስኩ፤ ልኬቱ ለማን ነው? ይህንን ቅጽ ነገ አንድ ኃላፊ አንሥቶ ስም እያጻፈ ቢያስሞላና ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን «አቅም የሌለው» ብሎ ቢፈርጅ፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም ዝቅተኛ ነጥብ ይሞላል። ወይም ሰው እንዲጨመርላቸው የፈለጉ ተስማምተው መቶ መቶ ይሞላሉ። በሁለቱም መንገድ መለኪያው ሞተ። ስለዚህ ቅጹ ስም አይኑረው፤ ከውጤት ተኮር ምዘና፣ ከእድገትና ከዝውውር ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ። ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ አይመስለኝም፤ ሳይሟላ ከቀረ ባይለካ እመርጣለሁ።

ሌላው መምታታት የሥራ ጫናንና መሰላቸትን አንድ ማድረግ ነው። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጠይቅ የሚለካው መሰላቸት ለወራትና ለዓመታት ተጠራቅሞ የሚመጣ ነው፤ የስሜት መንጠፍ፣ ሕመምተኛን እንደ ዕቃ ማየት፣ በሥራ መርካት መቅረት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል። የአእምሮ ጫና ግን የዛሬ ጠዋት ጉዳይ ነው፤ ሥራውና ሰውየው በተገናኙበት ሰዓት የሚሆነው። መሰላቸትን ለክተን ስንጨርስ ባለሙያው ቀድሞ ተጎድቷል። ጫናን ስንለካ ገና ሥራውን ማስተካከል እንችላለን። እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ልውቀስ። ባለሙያ ተዳክሟል ሲባል የምንሰጠው መድኃኒት የሁለት ቀን የጭንቀት አያያዝ ስልጠና ነው፤ ሻይና ቆሎ፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ሰኞ ሲመለስ በሩ እንደተከፈተ ነው፣ ስትሪፑም አልመጣም። ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ሥራው ብዙ ሆኖ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያንሰው ነው። የተረኛ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ የሚወጣለት፣ ለዘመቻ ሲጠራ እምቢ የማይል ባለሙያ ያለበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዘመቻ ካነሣሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ሳላነሣ ማለፍ ግፍ ነው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው በአንድ የገጠር ቀበሌ፣ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ነበር። መጸዳጃ ቤት ከማስቆፈር እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ እስከ ወባ፣ ከተመጣጠነ ምግብ እስከ ነፍሰ ጡር ክትትል ሁሉ በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። ሐኪም አይደሉም፤ ነገር ግን የትኛዋ ነፍሰ ጡር ወሯ እንደገባ፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደዘለለ፣ የትኛው ቤት ወባ እንደገባ በጭንቅላታቸው ይዘው ነው ከቤት ቤት የሚዞሩት። በከተማ ሐኪም ቅጽ ላይ ባዶ የሚቀረው የአካል ድካም መስመር በእነሱ ቅጽ ላይ ሙሉ ነው፤ ያውም ከአእምሮው ድካም ጋር ተደርቦ። ጫናን እንለካ ከተባለ በሐኪሙ ጀምረን በሐኪሙ መጨረስ የለብንም።

ከመቋጨቴ በፊት ወደ ተግባሩ ልምጣ። ጤና ጣቢያ የምታስተዳድሩ እዚህ ያላችሁ እንደሆነ የምጠይቃችሁ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ ኮንሰልታንትም አያስፈልግም። አንድ ክፍል ምረጡ፣ አንድ ሳምንት ውሰዱ። ባለሙያው ስሙን ሳይጽፍ ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሥራ መውጫ ላይ አንድ ጊዜ ቅጹን ይሙላና የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይክተት። ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይፈጅም። ስድስቱን መስመሮች ለየብቻ አስሉ፤ አማካዩ አያታልላችሁ። ከፍ ብሎ የታየው ጥድፊያው ከሆነ ካርድ ክፍሉ ሰውን በአንድ ጊዜ ከሚያጎርፍ በሰዓት ከፋፍሎ ያስገባ፤ ብስጭቱ ከሆነ ፋርማሲው ያለቀበትን መድኃኒት ዝርዝር በየጠዋቱ ለየክፍሉ ያድርስ፤ የማሰቡ መስመር ከሆነ በር ላይ አንድ ሰው ቁሞ የላብራቶሪ ውጤት እየተቀበለ በየተራ ያስገባ። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከወር በኋላ እንደገና ለኩ። ካልወረደ ሌላ ሞክሩ፤ ከወረደ ለጎረቤት ጤና ጣቢያ ንገሩ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ ቅጹ ሲመጣላችሁ የምትሞሉት የጀግንነት ማስረጃ አይሁን። «እኔ ይህ አይከብደኝም» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሞላ ሰው ጎኑ ላለው ባልደረባው ጉድጓድ ይቆፍራል።

ለቀረነው፣ ተራ ይዘን ኮሪደር ላይ ለምንቀመጠው፣ ሦስት ነገር እለምናለሁ፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ውስጥ ሰው ካለ በሩን አትክፈቱ። ስትገቡ ያመማችሁን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ፤ ዋናውን ነገር ልትወጡ ስትሉ በር ላይ ቆማችሁ አታንሡ። የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ፣ የተረፈውንም ያቋረጣችሁትንም፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።